ባዶ ቦታ የሚወድ ጭራቅ

መስከረም 12

እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ከሰላምታው በፊት ይቅርታ ማስቀደም ነበረብኝ፤ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ትምህርት ሊጀመር ሲል መነጽር ቤታችን በሰው ይጨናነቃል። ቀኑን ሙሉ ሌንስ ስሞርድ ውዬ ማታ ጣቶቼ ብዕር አንይዝም ይሉኛል። ዛሬ እሑድ ስለሆነ በግድ አስይዣቸዋለሁ።

ስለ ውድድሩ ለጠየቅሽኝ፦ ጥር አጋማሽ ላይ ነው፤ አዳራሹ ከቤቴ በእግር ይደረሳል። ጨዋታው በጥንድ ነው። ለአንድ ጥንድ ስድስት የጭራቅ ቦታ ይሰጣል፤ ሦስቱ የእኔ፣ ሦስቱ የአንቺ። አጣማጁ ያልመጣበት ሰው ምን ይሆናል ላልሽው ደግሞ አዘጋጆቹን ጠይቄልሻለሁ። ብቻውን መጫወት ይፈቀድለታል፤ የቀሪውን ሰው ሦስት ቦታ ግን እሱ ራሱ መሙላት አይፈቀድለትም፣ ባዶውን ይተወዋል። ለማን ብለሽ ነው የጠየቅሽው? የእኛን ስም እንደሆነ አስመዝግቤ ጨርሻለሁ።

ከአርባው ካርድ ሠላሳ ዘጠኙ ላይ ተስማምተናል። የቀረው የአንድ ጭራቅ ቦታ ነው። አንድ ዕጩ ፈልጊና እንደ ደንባችን ችሎት እናቁምለት። የሱቃችን ገንዘብ ያዥ ደብዳቤ ስጽፍ አይታኝ «እህትህ ስልክ የላትም እንዴ?» አለችኝ። አባታችን ሌሊት ዳቦ ሲጋግር አድሮ ቀን ይተኛ እንደነበር፣ እኛም በካርድ እየተጨቃጨቅን ስንቀሰቅሰው ቢመረው «ክርክራችሁን ወረቀት ላይ አድርጉት» እንዳለን ነገርኳት። ካርዱን የጠላው ሰው ጠበቃ ይሁንለት፣ የወደደው ደግሞ ከሳሽ ይሁን ያለውንም ጨመርኩላት። እስከ ዛሬም በዚያው እንደምንሠራ ስትሰማ «ሁለታችሁም ጤና የላችሁም» ብላ ሒሳቧን ቀጠለች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ብናሸንፍ ደስ ይለኛል፤ ግን የምጓጓው ለዋንጫው አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ በስልክ «ደህና ነህ? ደህና ነኝ» ስንባባል ከረምን። እኔ የምፈልገው እዚህ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለሽ በካርድ አያያዜ ስትስቂብኝ ማየት ነው። ስለዚህ ፈቃድሽን ቶሎ ጠይቂ።

ታናሽሽ


መስከረም 28

አቶ ለምን፣

ሰላም ነው ወይ? ስምህን ያወጣልህ ሰው አልተሳሳተም፤ አንድ ነገር ብጠይቅህ «ለማን ብለሽ ነው?» ብለህ መልሰህ ትጠይቀኛለህ። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል። ሬዲዮ ሊጠግን ሄዶ ሬዲዮውን አቅፎ ተመልሷል፣ ዛሬ እቤት ነው የሚፈታው።

ስለ ፈቃዱ አታስብ፤ ፋብሪካው አይከለክለኝም። እንዲያውም ሰሞኑን ከጨርቅ መፈተሻው ጠረጴዛ አንስተውኛል፣ እረፍት ላይ ነኝ ማለት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ቀዳዳ ከመፈለግ ተገላግያለሁ። ለእናታችን ግን እንዳትነግራት፣ ተባረረች ብላ ሰፈሩን ታስለቅሳለች።

ጊዜ ስላገኘሁ ዕጩ ፈልጌልሃለሁ፤ ካርዱን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። «ባዶ ቤት ጠባቂ» ይባላል። ሥዕሉን አየኸው? ትከሻው በር የሚያህል፣ ጉልበቱን አቅፎ ደጅ ላይ የሚያንቀላፋ ጭራቅ ነው። የራሱ ኃይል ዜሮ ነው። በወገኑ በኩል ለሚገኘው ለእያንዳንዱ ባዶ ቦታ ግን ኃይሉ በሁለት ይጨምራል። እሱን ለማውጣት ከእጅህ አንድ ሌላ ካርድ መጣል አለብህ። ይህን ካርድ ጠልቼዋለሁ። ስለዚህ ጠበቃው እኔ ነኝ።

እስቲ አስበው። ጨዋታው ገና መጀመሩ ነው። ከጎንህ ያሉት ሦስቱ ቦታዎች ባዶ ናቸው፣ ከራስህም ሁለቱ ገና አልተያዙም። ጠባቂውን ብቻውን ታወጣዋለህ፤ አምስት ባዶ ቦታ፣ አሥር ኃይል። በመጀመሪያ ተራው አሥር ኃይል የሚያወጣ ማን አይተሃል? ወይም ደግሞ ጭራቆችህ ሁሉ ተሸንፈው መጣያ ገብተዋል እንበል። ሌላው ካርድ ሁሉ አጋዥ ሲያጣ እጅ ይሰጣል። እሱ ያኔ ነው ከእንቅልፉ የሚነቃው። ፊቱ እንቅልፋም መሆኑን አትናቀው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ አድሮ ይሆናል። እንደ አባባ ማለቴ ነው።

በል ከሳሽ፣ ተነሥ።

እትዬህ


ጥቅምት 9

እትዬ፣

ከሳሽ ተነሥቷል፤ ጉሮሮውንም ጠርጓል። ከክሱ በፊት ግን ደህና መሆንሽን ልጠይቅ። እረፍት ያልሽው ነገር የደሞዝ ነው ወይስ ዝም ብሎ እረፍት ነው? እናታችንን አልነገርኳትም፣ በስልክ ስታወጣጣኝ ግን አፌን ይዤ ነው የተረፍኩት።

በመሀል የላክሽልኝ አጭር ወረቀትም ደርሶኛል። ብቻህን ብትጫወት ይከብድሃል ወይ ላልሽው፦ ይከብደኛል። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ካርድ ልጥል ስል ከጎኔ ጉሮሮዋን የምትጠርግ እህት ነበረችኝ። እሷ ካልጠረገች ልክ ይሁን ስህተት በምን አውቃለሁ?

አሁን ወደ ተከሳሹ። ገንዘብ ያዧን ለምኜ በምሳ ሰዓት አንቺን ሆና እንድትጫወት አደረግኳት። ጠባቂውን አወጣሁ፣ አሥር ኃይል ሆነ፣ ደረቴን ነፋሁ። በሚቀጥለው ተራ እሷ አንድ ጭራቅ አወጣች፤ ስምንት። ሌላ ጨመረች፤ ስድስት። «ምን ላድርግ፣ ዝም ብዬ ልቀመጥ እንዴ?» አለችኝ። አንቺ ደግሞ ከእሷ ትብሻለሽ፤ ካርድ እጅሽ ላይ አድሮ አያውቅም፣ እኔ ወንበር ሳልስብ ሦስቱን ቦታ ሞልተሽ ትጠብቂኛለሽ። በጥንድ ጨዋታ ውስጥ ይህ ጭራቅ የሚበረታው አጣማጅህ ሰነፍ ከሆነ ብቻ ነው። አንቺ ሰነፍ አይደለሽም። ስለዚህ ይውጣልን።

ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። ካርዱን የፈጠረው ሰው ምን አስቦ ነው? ጭራቅ ሁሉ ጓደኛ ሲያገኝ ነው የሚጠነክረው፤ ይኼኛው ሰው ሲመጣለት ይደክማል። ሰውዬው አንድ ቀን ቤቱ እንግዳ በዝቶበት ይሆን የሣለው? ማታ ማታ ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜ አየዋለሁ።

ለአንቺ ፍራሽ ገዝቻለሁ። የአውቶቡስ ትኬትሽን ቆረጥሽ ወይ?

ታናሽሽ


ጥቅምት 25

አቶ ለምን፣

እንደምን ነህ? በእርሳስ በመጻፌ አትቀየመኝ፤ ብዕሩ አስቸገረኝ። ጽሑፌም እንደ ድሮው አይደለም፣ ታግሠህ አንብበኝ።

እረፍቱ የደሞዝ ነው፣ አትጨነቅ። ትኬቱ ይደርሳል፣ አውቶቡሱ የትም አይሄድ። ፍራሽ ለምን ገዛህ? ባለቤቴ «ወንድምሽ አገር ሊያሳድር ነው እንዴ?» ብሎ ስቋል።

ክስህን አንብቤ ነገሩን እኔም በተግባር ልሞክረው አልኩ። ጠባቂውን ወረቀት ላይ ሣልኩና ባለቤቴን አንተን አደረግኩት። ካርድ አያያዙን ብታይ ታለቅሳለህ፤ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙሮ ይይዛቸውና «አታዪ» ይለኛል። በእሱ በኩል ሦስቱን ቦታ ባዶ ተውን፣ በሦስቱ ብቻ ተጫወተ። እኔ ተጋጣሚው ሆንኩ። ጠባቂውን ባወጣ ቁጥር ረታኝ። አንዴ አራት ጭራቅ አሰልፌ ገጠምኩት፣ አንድ በአንድ ጨረሳቸው። ባለቤቴ ካርዱን ሳመው፤ «ይኼ ሰውዬ የእኔ ቢጤ ነው፣ ቁጭ ብሎ ያሸንፋል» አለ።

ስለዚህ ክሱ ልክ አይደለም እላለሁ። አጠገቡ ሰው ሲኖር ይደክማል ብለሃል፤ እሺ፣ ይድከም። ሰው አጠገቡ ያለ ተጫዋች ሌላ ሠላሳ ዘጠኝ ካርድ አለው አይደል? አንተ ብቻህን ሦስት ቦታ ይዘህ ተቀምጠህ፣ ማዶ ሁለት ሰዎች ስድስት ጭራቅ ቢያሰልፉብህ ግን የትኛው ካርድ ይደርስልሃል? ያኔ እንዲህ ያለ አንድ ካርድ እጅህ ቢገባ አትጠላውም። ደግሞ እየው እስቲ፣ ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ክፋት የለበትም። ማንንም አያሳድድም። ደጁ ላይ ተቀምጦ የመጣውን ብቻ ይመልሳል። እኔ ብሆን ጥቅሉ ውስጥ ከላይ አካባቢ በተገኘ እያልኩ ነበር የምበውዘው።

ምግቤን እበላለሁ፣ እንቅልፌንም እተኛለሁ። ስለ ሌላው ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

እትዬህ


ኅዳር 6

እትዬ፣

ዛሬ በሰላምታ አልጀምርም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ትናንት ለካርዱ መልስ ልጽፍ ብዬ ሁለቱን ደብዳቤዎችሽን ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። የጠላሽውን ካርድ ስትሟገቺለት እንዴት እንደሆንሽ አውቃለሁ። ጥርስሽን ነክሰሽ ሦስት መስመር ትጽፊና «በቃ ይኸው» ብለሽ ትገፊልኛለሽ። ሦስት ራስ ያለውን እንቁራሪት የተሟገትሽለት «አንድ ራሱ እንኳ ይሠራ ይሆናል» ብለሽ ነበር። ለዚህ ጭራቅ ግን ገጽ ሞላሽ። እንቅልፉን ሳይቀር አሞገስሽለት፣ ከአባባ ጋር አመሳሰልሽው። እትዬ፣ ይህን ካርድ አልጠላሽውም። ከሳሹ አንቺ፣ ጠበቃው እኔ መሆን ነበረብን። በሃያ ምናምን ዓመት ችሎት ደንቡን ስታፈርሺ ይህ የመጀመሪያሽ ነው።

ለምን ብዬ እንደገና አነበብኩ። የመጀመሪያው ምሳሌሽ ውስጥ ከጎኔ ሦስት ባዶ ቦታ አለ። ሁለተኛው ውስጥ ደራሽ የለኝም። ባለቤትሽን እኔን አድርገሽ ስታጫውቺው ሦስቱን ቦታ ባዶ ተዋችሁት። መጨረሻ ላይማ «ብቻህን» ብለሽ ጻፍሽው። እነዚያ ሦስት ቦታዎች የአንቺ ናቸው። ከጻፍሽልኝ ምሳሌዎች በአንዱም ውስጥ አንቺ ከጎኔ የለሽም።

መስመሮችሽም ወደ ቀኝ ሲሄዱ ሽቅብ ይወጣሉ፤ እንደዚያ የሚጽፍ ወረቀቱን ከፊቱ በላይ የያዘ ሰው ነው። ብዕር ደግሞ ጫፉ ወደ ላይ ሲሆን አይጽፍም። ለዚህ ነው እርሳሱ?

ጥር ላይ አትመጪም ማለት ነው? ቅር ያሰኘሁሽ ነገር ካለ ንገሪኝ። ታመሽም እንደሆነ ንገሪኝ። ዛሬ አንድ ሌንስ አበላሽቼ እንደገና ቆርጫለሁ። ስለ ካርዱ አትመልሺልኝ። ስለ ራስሽ መልሺልኝ።

ታናሽሽ


ኅዳር 18

ወንድሜ፣

አልተቀየምኩህም። በምን ልቀየምህ?

ነፍሰ ጡር ነኝ። አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሐኪሟ እስክወልድ ከአልጋ እንዳልወርድ ብላኛለች፤ ስለዚህ በጀርባዬ ተኝቼ ነው የምጽፍልህ፣ እንዳልከው። መነጽር ሠሪ ወንድም ያላት ሴት ምስጢር መያዝ እንደማትችል ማወቅ ነበረብኝ።

የመጀመሪያውን ታስታውሳለህ፤ በሁለተኛው ወር ለዓለም ሁሉ ነገርኩ፣ እናታችን ሹራብ ጀመረች። ሲጠፋ ለእያንዳንዱ ሰው ተመልሼ መንገር ነበረብኝ። እነሱ ያለቅሳሉ፣ እኔ አጽናናለሁ። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላም ነበር፤ አንተ አታውቀውም፣ ከባለቤቴ በቀር ማንም አያውቀውም። ይህ ሦስተኛዬ ነው። ይህንንም ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። በስልክ ልነግርህ ሞክሬም ነበር፤ ድምፅህን ስሰማ ስለ ዝናብ አወራሁ።

ካርዱን ወድጄዋለሁ። በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጭራቅ አንድ በአንድ አይቼ፣ ለብቻህ ስትቀመጥ የሚበጅህን መርጬ ነው የላክሁልህ። ጠልቼዋለሁ ያልኩት እንድሟገትለት ነው። ደንቡን ስላፈረስኩ የፈለግከውን ፍረድብኝ።

ሁለት ነገር ለምንሃለሁ። ጥር ላይ ሂድና ተጫወት፤ እዚህ ተኝቼ የማስበው ነገር ያስፈልገኛል። ሁለተኛ፣ እባክህ ስለ ሆዴ አትጠይቀኝ። ይከብድሃል፣ አውቃለሁ። ደግም ይሁን ክፉ፣ ሲለይለት ራሴ እጽፍልሃለሁ።

እትዬህ


ጥር 19

እትዬ፣

አልጠየቅኩም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስለዚያ አንድም የጥያቄ ምልክት አታገኚም። እንዴት እንደከበደኝ ገንዘብ ያዧ ትመሰክራለች፤ ጥያቄ ሲያንቀኝ እሷን ነው የምጠይቃት፣ አሁን ስለ አያቷ በሽታ ሁሉ ሳይቀር አውቃለሁ።

አዳራሹ ውስጥ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ በየጠረጴዛው አራት ወንበር። ከጎኔ ያለውን ወንበር ሊወስዱት ሲሉ «ተዉት» አልኩ። ጃኬቴን ሰቀልኩበት። የመጀመሪያዎቹ ተጋጣሚዎቼ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ብቻዬን ሲያዩኝ አዘኑልኝ። ጠባቂው በሁለተኛው ተራዬ እጄ ገባ። አወጣሁት፣ ሐዘናቸው ጠፋ። በሁለተኛው ግጥሚያ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ እነሱንም መለሳቸው። ከኋላዬ ሰው ተሰብስቦ «ምንድን ነው ካርዱ? አሳየን» ይል ጀመር። እኔም የሠራሁት እኔ ይመስል ኮራሁ።

በሦስተኛው አንዲት መነጽራቸው የተንጋደደ እናት ከልጃቸው ጋር ተቀመጡ። ጠባቂውን በደንብ አዩት፣ ካርዱን አንሥተው ጽሑፉን አነበቡ። ከዚያ ጭራቆቻቸውን መላክ ጀመሩ። እኔን ሊመቱ አይደለም፤ የራሳቸውን ደካማ ጭራቅ በእኔ በኩል የሚያስቀምጥ ካርድ ነበራቸው። አንዱን አንቺ ቦታ አስቀመጡት፤ ስምንት። ሁለተኛውን አጠገቡ፤ ስድስት። «ብቻህን ሆነህ አሳዝነኸኝ ነው» ይላሉ እየሳቁ። አምስቱንም ቦታ ሞሉልኝና ጠባቂዬ ዜሮ ሆኖ ተቀመጠ። በአንድ ትንሽ እንሽላሊት ተሸነፍኩ። ከጨዋታው በኋላ መነጽራቸውን አቃናሁላቸው።

ስለዚህ ፍርዱ ይኸው። ካርዱ ይጠቅማል፤ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ከእሱ የተሻለ የለም። መፍቻው ግን ቀላል ነው፤ አጠገቡ መጥቶ መቀመጥ ነው። ይህን ያሰበ ሰው ማን እንደሆነ አሁንም ማወቅ እፈልጋለሁ። ደንብ በማፍረስሽ የፈረድኩብሽ ደግሞ ይህ ነው፦ ሲለይለት አትጻፊልኝ። ክፉ ቀን ከመጣ በዚያው ቀን ጻፊልኝ፣ ምን እንደሚሆን ሳታውቂ። እኔን ማጽናናት አይጠበቅብሽም። ያን ሌላውን ለብቻሽ እንዳሳለፍሽው ካወቅኩ ጀምሮ ሲያሳዝነኝ ነው የሚውለው።

ታናሽሽ


የካቲት 11

ወንድሜ፣

ሰላምታ ይቆየን። ዛሬ ጠዋት ደም አየሁ። ባለቤቴ የጎረቤት መኪና ለምኖ ሆስፒታል አመጣኝ፤ የምጽፍልህ ከዚያው ሆኜ ነው። ሐኪሟ ልቡ ይመታል አለች። ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚለውን ገና አልወሰኑም፤ ይጠባበቃሉ። ሰባት ወር አልሞላም። አሁን ቢወጣ ይተርፋል ወይ ብዬ ጠየቅኳት፣ «አንዳንዱ» አለችኝ።

ከዚህ በላይ የማውቀው የለም። ድሮ ቢሆን እስኪለይለት እጠብቅ ነበር፣ እንደ ፍርድህ ግን በዚያው ቀን እየጻፍኩልህ ነው። ባለቤቴ ስልኩን ሊሰጠኝ ነበር። እንቢ አልኩ፤ በስልክ ከማልቀስ በቀር ምንም የምነግርህ አልነበረኝም። ደብዳቤውን ለአውቶቡስ ሾፌር እሰጣለሁ ብሎ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ፈርቻለሁ። ይህን ለማንም ጽፌ አላውቅም። ከፊት ለፊቴ ነጭ ግድግዳና አንድ ባዶ ወንበር አለ፣ እሱን እያየሁ ነው። የፈለግከውን ጠይቀኝ አሁን፣ ክልከላውን አንሥቻለሁ።

እትዬህ


የካቲት 12

እትዬ፣

ሾፌሩ ደብዳቤሽን እጅ በእጅ ሰጠኝ። ቆሜ አነበብኩት። ገንዘብ ያዧ ፊቴን አይታ ጃኬቴን አቀበለችኝ፤ የሱቁን ቁልፍ ትቼላት ወጣሁ።

ይህን የምጽፈው መናኸሪያ ውስጥ፣ የሰው ሻንጣ ላይ ተደግፌ ነው። የምጠይቅሽ ነገር ሞልቶኛል፣ አንዱንም መጻፍ አቃተኝ። ምን ብዬ እንደማጽናናሽም አላውቅም። መንገድ ላይ አስብበታለሁ፤ ካልመጣልኝ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

መልስ አትጻፊ፤ እዚህ አታገኚኝም። ወረቀቱን አጥፌ ለዚያው ሾፌር ልሰጠው ስል «አንተ የምትሳፈርበት መኪና ላይ እኮ ነው የሚጫነው» አለኝ። እኔው ይዤልሽ እመጣለሁ።

ወንድምሽ